የጫሞ ዓሦች የመጡበት መንገድ ተዘግቷል

የጥንት አባት ርስቱን ለልጁ ሲያወርስ ድንበሩን ብቻ አሳይቶ አይተወውም ነበር፤ ርስቱ በምን አኳኋን ወደ እጁ እንደ ገባም ጨምሮ ይነግረው ነበር። የርስቱን አመጣጥ ያላወቀ ወራሽ ሁሉ በቀላሉ የተገኘ ስለሚመስለው በቀላሉ ያጠፋዋልና። እኛም ዛሬ በጋሞ ምድር፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በታች ተዘርግቶ በሚታየው በጫሞ ሐይቅ ስላሉት ዓሦች አመጣጥ ጥቂት ለመናገር የተነሣነው ስለዚሁ ነው።

በጫሞ ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ አሉ። ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ የሚችለው፣ ናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ ዓሣም አለ። ደግሞም ጥርሱ እንደ መርፌ የሾለ፣ ሊቃውንት በግሪክ ቋንቋ «የውሃ ውሻ» ብለው የሰየሙት ነጣቂ ዓሣ አለ። እነዚህ ሁሉ በዐባይ ወንዝ ከሚገኙት ዓሦች ጋር አንድ ወገን ናቸው። ነገር ግን ዛሬ ከጫሞ ወጥቶ ወደ ዐባይ የሚፈስ ውሃ የለም፤ በመካከልም ተራራና በረሃ አለ። ናይል ፐርችም በየብስ የሚሄድበት እግር የለውም። እንግዲህ በምን መጣ ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ምድርን የሚመረምሩ ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ ይህ ነው። የዛሬ 15,000 ዓመት ግድም ጀምሮ እስከ 5,000 ዓመት ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ የሚዘንበው ዝናም ከዛሬው እጅግ የበዛ ነበር። አባያ ከጫሞ ወደ 60 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ሲሞላ በእግዜር ድልድይ አጠገብ አልፎ ወደ ጫሞ ይፈስ ነበር፤ ጫሞም ሞልቶ ወደ ሰገን ወንዝ፣ ሰገንም ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕርም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርድ ነበር። ቱርካናም በበኩሉ በረግረጉ ላይ ተሻግሮ ከሶባት ወንዝና ከነጭ ዐባይ ጋር ይገናኝ ነበር። ዓሦቹ የመጡት እንዲህ ውሃ ከውሃ ጋር በተያያዘባቸው ዘመናት ነው። በኋላ ዝናሙ አነሰ፤ ጨው ባሕርም እንደ ስሙ የጨው ሜዳ ሆኖ ቀረ፤ የመጡበትም በር ከኋላቸው ተዘጋ።

በር የተዘጋበት ውሃ ምን ሊያፈራ እንደሚችል የጣና ሐይቅ ምስክር ነው። ጣና ከ16,000 ዓመት በላይ ቀድሞ ደርቆ እንደ ነበረ ከሐይቁ በታች ያለው አፈር ተመርምሮ ታውቋል። ዳግመኛ ከሞላ በኋላ ከወንዝ የገባው ባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን፣ ከታች በጢስ ዐባይ ፏፏቴ ተለይቶ፣ እንደየምግቡና እንደየማደሪያው መልኩን እየለወጠ ሄደ። ሊቃውንት ዛሬ በጣና ብቻ የሚኖሩ 15 ዓይነት ይቈጥሩለታል። ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሲሆን ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ሆነዋል። ይህንንም ዝግመተ ለውጥ ይሉታል። በሐሙስ ዕለት ውሃው ሕያዋንን እንዲያስገኝ የታዘዘ መሆኑን ለተማረ ካህን ይህ ነገር የፈጣሪን ጥበብ የሚያሰፋለት እንጂ የሚያሳንስበት አይደለም።

«የጫሞ ዓሣ ቢያልቅ ከሌላ አምጥተን እንጨምራለን» የሚል ሰው አይታጣም። ለእንዲህ ያለው ሰው የቪክቶሪያን ሐይቅ እናሳየዋለን። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓ አቈጣጠር ናይል ፐርችን የሰው እጅ በዚያ ሐይቅ ውስጥ ጨመረው። ከ30 ዓመት በኋላ ከሌላ ስፍራ የማይገኙ ትናንሽ የዓሣ ዓይነቶች ጠፉ፤ ቍጥራቸውንም ሊቃውንት ወደ 200 ይገምቱታል። እነሆ፣ አንዱ ዓሣ በጫሞ የቤት ልጅ ነው፤ በቪክቶሪያ ግን ወራሪ ሆነ። ልዩነቱ ከዓሣው ጠባይ አይደለም፤ በጫሞ ከጎረቤቶቹ ጋር በውሃ መንገድ መጥቶ በብዙ ሺህ ዓመት ተላምዷል፤ በቪክቶሪያ ግን በአንድ ቀን በባልዲ ተጣለ። የተፈጥሮን መንገድ በባልዲ መተካት እንዴት ያለ ጥፋት እንደሚያመጣ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም።

ዛሬ በጫሞ የናይል ፐርች ቍጥር ከቀድሞው እጅግ ማነሱ የታወቀ ነው። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ሳይቀር ይጠርጋል፤ ከጋሞ ደጋ የሚታጠበውም አፈር ከወንዞቹ ጋር ወርዶ የሐይቁን ዳር ይደለድላል። ቆሮሶ እንቍላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿንም በአፏ የምትጠብቅ እናት ናት። እርስዋን በጠባብ መረብ የያዘ ሰው አንድ ዓሣ የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን በመቶ የሚቈጠር ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ የሚወጣው ለመዝገብ ቤት ሳይሆን ለሐይቁ ዳር ነው። ስለዚህ ሹማምንቱ ልጆቹን በዓሣ የሚያሳድገውን ድኻ አጥማጅ በጀልባው ላይ ከመያዛቸው አስቀድመው፣ ያንን ጠባብ መረብ በገበያ የሚሸጥለትን ነጋዴ ቢጠይቁ ፍርዱ የቀና ይሆናል። ዓሣው የሚራባበት ዳርቻ ተለይቶ በወራቱ ይከለከል፤ ደጋውም በዛፍና በእርከን ይጠበቅ። ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላው ዓሣ ማዛወርም ያለ ሊቃውንት ምርመራ አይደረግ።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር ዛሬ አንገባም፤ ነገር ግን በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ሕዝቡ ከሥጋ ተከልክሎ ሳለ የሐይቁን ዘር የሚያጠፋ ከሆነ ጾሙ ምሕረት የጐደለው መሆኑን በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ፣ ከዘበኛ ይልቅ የእነርሱ ቃል ይሰማል።

የጫሞ ዓሦች በአሥር ሺህ ዓመት መንገድ የመጡልን ርስት ናቸው። መንገዱ ተዘግቷል፤ ሌላ አይመጣም። ያለውን መጠበቅ ግን ገና በእጃችን ነው።