ዕጣ የደረሰውን ወገን መከራከር

ስለ ተማሪዎች የክርክር ውድድር በተወራ ቁጥር አንድ ቅሬታ ሳይነሳ አይቀርም። ልጆች የማያምኑበትን ወገን በዕጣ ተቀብለው ሽንጣቸውን ገትረው እንዲከራከሩ ማድረግ ነውር ነው ይባላል። ዛሬ «ይፈቀድ» ያለች ልጅ በሳምንቱ «ይከልከል» ብላ በዚያው ወኔ ስትናገር የሚሰማ ወላጅ፣ ልጄ አፈ ጮሌ እየሆነች ነው ብሎ ይሰጋል። መምህራንም ሳይቀሩ ተማሪ ከልቡ የሚያምንበትን ብቻ ይናገር ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። እንደ ነፋሱ አቅጣጫ የሚገለባበጥ አንደበት በአገር ላይ ምን እንደሚያደርስ እኛ ካላወቅን ማን ያውቃል? ድምዳሜው ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። በክርክር ውድድር ውስጥ ካሉት ደንቦች ሁሉ ልጆችን ወደ እውነት የሚያስጠጋው ይኸው የሚወገዘው ዕጣ ነው። ዕጣው ከተነሳ የሚቀረው ቀድሞ የያዙትን አቋም ጮክ ብሎ መድገም ብቻ ነው።

ነገሩን በደፈናው ከመነጋገር አንድ በእውን ያለ ውድድር ይዞ መመርመር ይሻላል። በጀርመን «ዩገንት ደባቲርት»፣ ማለትም «ወጣቶች ይከራከራሉ» የሚባል አገር አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በፍራንክፈርት በሙከራ ተጀመረ፤ በወቅቱ ፕሬዚዳንት በዮሐንስ ራው አነሳሽነት ከ2002 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ከጀርባው ያለው የሄርቲ ፋውንዴሽን መቀመጫውም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚያችው በፍራንክፈርት ነው። ውድድሩ ከክፍል ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ አካባቢ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ አገር እየወጣ ፍጻሜው በርሊን ላይ ይሆናል። ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉት ለብቻ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለብቻ ይወዳደራሉ። በአካባቢ ደረጃ ያሸነፉት የሚሸለሙት የንግግርና የክርክር ሥልጠና ነው። ለጎበዝ ተከራካሪ ይበልጥ እንዲማር ዕድል መስጠት፣ አዘጋጆቹ ውድድሩን ለምን እንደፈለጉት ከየትኛውም መግለጫ በላይ ይናገራል።

አወዳደሩ ቀላል ነው። አራት ተማሪዎች፣ ሁለት ደጋፊ ሁለት ተቃዋሚ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ማን በየትኛው ወገን እንደሚቆም ተማሪዎቹ አይመርጡም፤ ይመደብላቸዋል። በመክፈቻው እያንዳንዱ ማንም ሳያቋርጠው 2 ደቂቃ ይናገራል። ቀጥሎ 12 ደቂቃ ነፃ ክርክር ይሆናል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ 1 ደቂቃ ይሰጠውና የሰማውን ሁሉ ከግምት አስገብቶ ለጥያቄው ዳግም መልስ ይሰጣል፤ በዚህች ደቂቃ አዲስ ነጥብ ማንሳት ክልክል ነው። ድምሩ 24 ደቂቃ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ጊዜው ሊያልቅ 15 ሰከንድ ሲቀረው ደወል ይመታል። «አንተ ተናገር፣ አንቺ ጠብቂ» የሚል አወያይ የለም፤ አራቱ ራሳቸው መነጋገሪያውን ጊዜ ይካፈላሉ። ዳኞች በአራት መስፈርት ያያሉ፦ የጉዳዩ እውቀት፣ የአገላለጽ ችሎታ፣ ከሌላው ጋር የመነጋገር ችሎታ እና የማሳመን ኃይል። ለእያንዳንዱ እስከ 5፣ በድምሩ እስከ 20 ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ለግለሰብ እንጂ ለጥንድ አይደለም። እንግዲህ አንድ ሰው «ልጆቹ ጭቅጭቅ ይማራሉ» ሲል ይህን ሦስተኛውን መስፈርት አላየውም ማለት ነው። የማዳመጥና የመመለስ ብቃት ከእውቀት እኩል ዋጋ በተሰጠው ውድድር ነገረኛ አያሸንፍም።

ዕጣው ምን እንደሚሠራ ለማየት አንድ ርዕስ እንውሰድ። ጥያቄው «ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይጠቀሙ ይከልከሉ ወይ?» ነው እንበል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደጋፊ ሆና ተመድባለች። እሷ ራሷ ስልኳን ከእጇ የማትለይ ናት፤ ክልከላውን ከልቧ ትቃወማለች። ቤቷ ገብታ መዘጋጀት ስትጀምር መጀመሪያ የምታገኘው የምትጠላውን ሐሳብ በጣም ደካማ በሆነው መልኩ ብቻ ታውቀው እንደነበር ነው። «ወላጆች ስለማይረዱን ነው» የሚለው ማብራሪያዋ ለዳኛ አይቀርብም። ስለዚህ ትፈልጋለች። የአውስትራሊያ ፓርላማ በኅዳር 2024 እንዲህ ያለ ሕግ እንዳወጣ፣ ሕጉም በታኅሣሥ 2025 ሥራ ላይ እንደዋለ ታገኛለች። ሕጉ ልጆችንም ወላጆችንም እንደማይቀጣ፣ ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ድረስ ኩባንያዎቹ ላይ እንደሚወድቅ ታነባለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ክልከላ» ሲባል በዓይነ ኅሊናዋ የሚመጣው ስልክ የሚነጥቅ አባት ነበር። አሁን ጥያቄው ሌላ ሆነባት፤ ልጅን በሱስ ከሚያተርፍ ድርጅት ማን ይጠብቀዋል?

ሥራዋ በዚህ አያበቃም። ጥያቄው «ይሁን ወይ?» የሚል ስለሆነ መጀመሪያ የሚናገረው ደጋፊ እርምጃውን በዝርዝር ማቅረብ አለበት። የሚከለክለው ማን ነው? ዕድሜ የሚረጋገጠው በምንድን ነው? በመታወቂያ ከሆነ የሁሉም ሰው መታወቂያ በእነዚያው ኩባንያዎች እጅ አይገባም? ይህን ጥያቄ ተቃዋሚው እንደሚያነሳው ታውቃለች፤ ምክንያቱም ወገኗን ብትመርጥ ኖሮ እሷ ራሷ ታነሳው ነበር። ስለዚህ በራሷ እምነት ላይ መልስ ማዘጋጀት ይኖርባታል፤ መልስ ስታጣም የእምነቷ ጠንካራ ጎን የቱ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይታ ታውቃለች። ከዚያ 12ቱ ደቂቃዎች ይመጣሉ። እዚያ የተጠና ንግግር አይሠራም። ተቃዋሚው «ዘመድ አዝማዱ በሦስት አህጉር ለተበተነ ልጅ ይህ መዝናኛ አይደለም፣ ቤተሰቡ ነው» ቢላት፣ አለመስማት አትችልም፤ ዳኞቹ የሚያዩት ነጥቡን አንስታ መለሰች ወይስ ዘላ አለፈችው የሚለውን ነው። ምናልባት የመልእክት መላላኪያዎችን ከክልከላው ታወጣለች። እርምጃው በክርክሩ መካከል ተስተካከለ ማለት ነው፤ የተሻለ ሕግም የሚወጣው እንዲህ ነው። ይህች ልጅ ስትወጣ ሐሳቧን ቀየረችም አልቀየረችም፣ ከሳምንት በፊት ያልነበራት ነገር አላት፤ የተቃራኒዋን ሐሳብ ባለቤቱ ራሱ «ልክ ነው፣ ማለት የፈለግሁት ይህን ነው» በሚለው መልክ መናገር ትችላለች።

አሁን ያንኑ ክርክር በእምነት የተመረጠ አድርጉት። በክፍሉ ካሉት ሠላሳ ልጆች ሃያ ሰባቱ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። የቀሩት ሦስቱ ወይ እልኸኞች ናቸው ወይ ዝም ይላሉ። የሚከራከሩት ደግሞ እያንዳንዱን ተቃውሞ በራሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ ዱላ ይቆጥሩታል፤ የተሸነፈው ሐሳቡ ብቻ መሆኑ ይቀርና ሰውየው ራሱ ተዋረደ ይባላል። ዕጣ ሐሳብን ከተናጋሪው ጋር ያሰረውን ይህን ክር ይበጥሰዋል። «ይህን ያልኩት ስለተመደብኩ ነው» የሚል ጥላ ስለሚሰጥ፣ በቤቱም በሰፈሩም ሊተነፈስ የማይችል ሐሳብ በአደባባይ ተነግሮ መልስ እንዲያገኝ ያደርጋል። ይህ ጥላ በተለይ ሰው ከአፉ በወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ወገኑ በሚፈረጅበት አገር ያለው ዋጋ እንዴት እንደማይታይ አይገባኝም።

«ከእምነት ብቻ» የሚለው መርሕ የት እንደሚያደርስ ታሪክ አንድ ጊዜ በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ኮሌጆች አገር አቀፍ የክርክር ርዕስ «አሜሪካ ለኮሚኒስቱ የቻይና መንግሥት ዲፕሎማሲያዊ እውቅና ትስጥ» የሚል ነበር። በኮሚኒስትነት የተጠረጠረ ሁሉ የሚሳደድበት የማካርቲ ዘመን ነው። የምድር ጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች ተማሪዎቻቸው በዚህ ርዕስ እንዳይከራከሩ ከለከሉ። አንዳንድ ኮሌጆችም ተማሪ ደጋፊ ሆኖ እንዳይቆም አገዱ። ሪቻርድ መርፊ የተባሉ የንግግር ጥበብ መምህርም በ1957 ባወጡት ጽሑፍ በሁለቱም ወገን መከራከር ከሥነ ምግባር ጋር ይጋጫል ሲሉ ተከራከሩ። የመርፊ ቅንነት አያጠራጥርም፤ ተናጋሪ ለቃሉ ኃላፊ ይሁን ነው ያሉት። ውጤቱን ግን እንይ። በዚያ ድባብ «ያመነበት ብቻ ይናገር» ማለት ደጋፊውን ወገን ማንም አይናገር ማለት ነበር፤ አምኖበታል የተባለ ሰው እንጀራውን ያጣ ነበርና። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1979፣ ዋሽንግተን ለቤጂንግ ያንኑ እውቅና ሰጠች። በ1954 ተማሪዎች እንዳይናገሩት የተከለከለው ሐሳብ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። ያን ርዕስ በሁለቱም ወገን የተከራከሩት ወጣቶች ዘመናቸውን ርዕሱን ከከለከሉት አዛውንቶች ቀድመው ተረድተውታል።

በዕጣው ላይ የሚቀርበው ብቸኛ ከባድ ማስረጃ ከኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች የመጣ ነው። በ2022 በ«አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» የወጣ ጥናት በዓለም አቀፍ የክርክር ውድድሮች ላይ የተሳተፉ ሰዎችን መረመረ። ተከራካሪዎቹ ወገናቸው በዕጣ እንደተመደበ እያወቁ እንኳ፣ ለወገናቸው የሚመቹ መረጃዎችን ይበልጥ እውነት አድርገው መገመት ጀምረው ነበር። ክርክሩ ካለቀ በኋላም ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አልጠበበም። ተቺዎች ይህን ይዘው «አላልንም?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ለዕጣ የሚቆም ማስረጃ አላውቅም። በአጋጣሚ ለደረሰ ወገን ጥቂት መዘጋጀት ብቻ ሰውን ራሱን እንዲያሳምን ካደረገው፣ ትውልድ፣ ሰፈር፣ ቋንቋና የቤተሰብ ቁርሾ በ16 ዓመት ውስጥ ምን ያህል አሳምነውት ይሆን? «ከልቤ አምንበታለሁ» የሚለው ልጅም እኮ ወገኑን አልመረጠም፤ የእሱ ዕጣ የወጣው ሲወለድ ነው። ልዩነቱ የውድድሩ ዕጣ በሚቀጥለው ዙር መገለባበጡ ነው። ሕመሙ ራስን ማሳመን ከሆነ፣ መድኃኒቱ ወገንን እያፈራረቁ መከራከር ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በላ ልበልሃ ተባብሎ፣ ተወራርዶ፣ በአደባባይ መሟገት ለአባቶቻችን ፍርድም መድረክም ነበር፤ የሰው ጉዳይ ይዞ የሚሟገት ጠበቃም ነበረ። በትምህርት ቤቶቻችንም መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ «ከእውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» ብሎ ማከራከሩን የማያውቅ የለም። የዚህ ልማድ ድካም ክፍሉን ለሁለት መክፈሉ ላይ አይደለም፤ ይህ ትክክለኛው ጎኑ ነው። ድካሙ ጥያቄው ላይ ነው። እውቀት ቢያሸንፍ ማን ምን ያደርጋል? ገንዘብ ቢያሸንፍ ምን ይለወጣል? እርምጃ የማይጠይቅ ርዕስ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ማስረጃ የማይጠየቅበት ቦታ ምሳሌያዊ አነጋገር ያሳመረ ጭብጨባውን ይወስዳል። ዳኝነቱም እንዲሁ ነው። አዳራሹ የሳቀለት ልጅ ሲያሸንፍ ሌሎቹ የሚማሩት ማሳቅን ነው። አፈ ጮሌን የሚያፈራው ይህ ነው፤ ዕጣው ግን በከንቱ ይወቀሳል።

«ሊከራከሩበት የማይገባ ነገርስ የለም ወይ?» ይባላል። አለ። የሰውን ልጅ ሰውነት ለክርክር የሚያቀርብ ርዕስ ከመጀመሪያውም መውጣት የለበትም፤ ይህ የርዕስ አውጪው ኃላፊነት ነው፣ ከዕጣው ጋር ምንም አያገናኘውም። «ውድድር ሁሉን ያበላሻል» የሚሉም የአሜሪካን «ፖሊሲ» የሚባለውን የክርክር ዓይነት ይጠቅሳሉ፤ እዚያ ተማሪዎች ብዙ ነጥብ ለማጨቅ በማይሰማ ፍጥነት ይናገራሉ። እውነት ነው፤ ያንን ያመጣው ግን ለባለሙያ ዳኛ ብቻ መናገር ነው። አሜሪካውያኑ ራሳቸው በ2002 ተራ ሰው የሚዳኘውን «ፐብሊክ ፎረም» የተባለ ዓይነት ሲጀምሩ ወገን የሚለይበትን መንገድ ሳንቲም መወርወር አደረጉት። ንግግሩ ለተራ ሰው እንዲገባ ሲፈልጉ ፍጥነቱን ጣሉ፤ ዕጣውን አልጣሉም።

ስለዚህ የክርክር ክበብ ለምትመሩ መምህራን፣ በየከተማውና በየስደት አገሩ ውድድር ለምታዘጋጁ ማኅበራት የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ርዕሱን «የቱ ይበልጣል?» ከሚለው አውጥታችሁ «ይህ ይደረግ ወይ?» በሚል ስጡ። ወገኑን በዕጣ አድሉ፣ በሁለተኛው ዙር ገልብጡት። ከነጥቡ ሩቡን ለማዳመጥና ለመመለስ መድቡ፣ ጭብጨባን ከዳኝነት አውጡ። ትምህርት ሚኒስቴርም ከዚህ አልፎ ይሂድ፦ ማንም ተማሪ የሚቃወመውን ሐሳብ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሰው ፊት ቆሞ በሚገባ ሳይከራከርለት 12ኛ ክፍልን መጨረስ የለበትም።