ሱፉና ተልባው ከፋሲካ በኋላም ከገበታችሁ አይጥፋ



ሙቀቱ ከጀመረ ወዲህ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ በዚህ ሙቀት ምን ይበላል? ምግብ አስጠላን፣ ኩሽና መግባትም አልቻልንም።» ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ፣ ከመተማ፣ ከሰመራ ትጽፋላችሁ። ብዙዎቻችሁ ቲክቶክ ላይ ያገኛችሁትን ቪዲዮም አብራችሁ ትልካላችሁ። በጎድጓዳ ሳህን የተሞላ ጥሬ ቅጠል፣ በብሌንደር የተፈጨ ፍራፍሬ፣ ከላይ በረዶ። «ይሄ ይሻለናል?» ነው ነገሩ።

እኔ ዛሬ የምከራከረው ለሌላ ነገር ነው። ለሙቀት የሚሆነውን ቀላልና ጤናማ ምግብ እናቶቻችን ድሮ ሠርተው ጨርሰውታል፦ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ አዚፋ፣ በሶ። ችግሩ «የጾም ምግብ» የሚል ስም ሰጥተናቸው ፋሲካ ሲደርስ ከገበታ ማንሳታችን ነው።

እስቲ ካላንደሩን እዩት። ሁዳዴ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ሙቀቱ የሚብሰው ግንቦትና ሰኔ ነው፤ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰመራማ አዲስ አበባ ጃኬት ደርባ ዝናብ በምትሸሽበት በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ቀዝቀዝ ያለውን ስንበላ ቆይተን፣ ልክ ሙቀቱ ሲከር ወደ ዶሮ ወጥ፣ ወደ ጥብስና ጥሬ ሥጋ እንገባለን። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ቃር፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ «ሆዴ ተነፋ»። ድሬዳዋ በሠራሁባቸው ዓመታት ከበዓል ማግስት ተረኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ይህ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ሱፍ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የሙስሊሙንም የፕሮቴስታንቱንም ሆድ እኩል ያቀዘቅዛል። የጾም ምግብ ሁሉ ጤናማ ነው ማለቴም አይደለም። ዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ቀይ ወጥና በየቀኑ የሚበላ ሳምቡሳ ጾምም ቢሆን ከባድ ነው።

በሙቀት ጊዜ ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው ደሙን ወደ ቆዳ በመላክና በማላብ ነው። ሆዳችንን ግጥም አድርገን ስንበላ ደግሞ አንጀትም ደም ይፈልጋል። ምግብ መፍጨት በራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ሥጋ ሲበዛ ይበልጥ። ወጣት ሰው ይህን በእንቅልፍ ያልፈዋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ በተለይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ከምሳ በኋላ ግፊታቸው ወርዶ ሲነሱ ሊያዞራቸው፣ ሊጥላቸውም ይችላል። ስለዚህ በሙቀት ወቅት ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ይሻላል፤ ከበድ ያለው ምግብ ከቀረም አመሻሽ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሁን።

አንድ የሚረሳ ሰው ደግሞ አለ፤ ምግቡን የምትሠራዋ። የኮንዶሚኒየም ኩሽና እኮ ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ሰው አያስተላልፍም። በ35 ዲግሪ እዚያ ውስጥ ቆሞ ሽንኩርት ማቁላላት ሥራ ብቻ አይደለም፣ ለጤናም ከባድ ነው። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ይብሳል። «ዛሬ ምድጃ አይለኮስም» ማለት ስንፍና የሚመስላቸው ባሎች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ።

ወደ ቪዲዮዎቹ ልምጣ። ጥሬ ሰላጣ ውጭ አገር የሙቀት ምግብ ንጉሥ ነው። እኛ ጋ ግን ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል የተወሰነው በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ነው፤ ያ ወንዝ ደግሞ ምን እንደሚፈስበት ሁላችንም እናውቃለን። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ወስፋት፣ ኮሌራ፣ ሁሉም በጥሬ ቅጠል ሊመጡ ይችላሉ። «ሎሚ ጨምቄበታለሁ፣ በአቼቶ ነክሬዋለሁ» የሚለው መልስ አያሳምነኝም፤ ሎሚ ጣዕም ይሰጣል እንጂ ጀርሙን ገድሎ አይጨርስልንም። አትብሉ አልልም። ቅጠሉን አንድ በአንድ፣ በሚወርድ ንጹህ ውሃ እጠቡ። የተላጠ ኪያርና በደንብ የታጠበ ቲማቲም ከሰላጣ ቅጠል ይልቅ ለማጽዳት ይቀላሉ፤ ሁለቱም ከ90 ከመቶ በላይ ውሃ ናቸው። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋችሁ ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ እንጀራ ብትፈተፍቱበት ምሳችሁ በአሥር ደቂቃ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሱፍ፣ ተልባና በሶ ላይ የማደንቀው ቪታሚናቸውን ብቻ አይደለም። የሚቀመጡት በደረቅ ዱቄት መሆኑን ነው። ባክቴሪያ ለመራባት እርጥበት ይፈልጋል። በደረቅ ዕቃ የተከደነ የበሶ ዱቄት መብራት ሄደ መጣ አይገደውም፤ ውሃ የሚነካው ልትበሉት ስትሉ ብቻ ነው። ፍሪጅ የሌለው ቤት፣ ወይም ፍሪጅ ኖሮት መብራት በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋበት ቤት፣ ከዚህ የተሻለ ምግብ አያገኝም። የምትበጠብጡበት ውሃ ብቻ የታመነ ይሁን፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ መመሪያውን ተከትሎ የታከመ።

ሱፍ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሱፉን አጥባችሁ ትቀቅሉታላችሁ፤ አምሰው የሚሠሩም አሉ። ከዚያ በብሌንደር ከውሃ ጋር ፈጭታችሁ በወንፊት ወይም በንጹህ ነጠላ ታጠሉታላችሁ፤ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣል። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቁንጥጫ ጨው፣ እንጀራ። በቃ። ባልትና ቤት የተዘጋጀ ዱቄት ካገኛችሁ መቀቀሉም ይቀራል። ቅባቱ በአብዛኛው ለልብ የሚስማማው፣ ያልረጋው ዓይነት ነው። የተበጠበጠ ሱፍ ግን በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ የምሳውን ለእራት አታቆዩ።

ተልባ ታምሶ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል። አሰር አለው፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው የቅባት ዓይነትም አለው። በሙቀት ውሃ ስለሚያንሰን ብዙ ሰው ድርቀት ይይዘዋል፣ ተልባም ለዚህ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነገር፦ ከበቂ ውሃ ጋር ይወሰድ፣ ካለበለዚያ ድርቀቱን ራሱ ያመጣዋል። መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከተልባው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት። የተፈጨ ተልባ ሲቆይ ዘይቱ ይሻግታል፤ ትንሽ ትንሽ አስፈጩ።

በሶ ለቁርስ የሚወዳደረው የለም። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከፈለጋችሁ ጥቂት ማር። አሰሩ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ቀንሶ ሆድ ይዞ ያቆያል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ማሩን ተዉት፤ በሶውም ገብስ ስለሆነ ከዳቦውና ከእንጀራው ጋር ይቆጠራል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

አዚፋ ምድጃ ይፈልጋል፣ ግን ለግማሽ ሰዓት ብቻ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ገና አየሩ ሳይግል ድፍን ምስሩን ቀቅሉት። ደፈቅ ደፈቅ አድርጋችሁ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ሰናፍጭ ጨምሩበት። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሥጋ ቀረብኝ የሚያሰኝ አይደለም። ሰናፍጩ አፍንጫ ሲሰነፍጥ ሙቀት የዘጋው የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፣ ይህን በራሴ አይቻለሁ። ቀይ ሥርና ድንች ቀቅሎ አቀዝቅዞ መብላትም ያው ነው፤ እሳት ነክቶት የቀዘቀዘ አትክልት ከጥሬ ቅጠል ያነሰ ስጋት አለው።

ነገር ግን «የቀዘቀዘ» ስል ጠረጴዛ ላይ የዋለ ማለቴ አይደለም! እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይታመማል። ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የክፍሉ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ ከነክዳኑ ፍሪጅ ብታስገቡት መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፤ በዝርግ ዕቃ ከፋፍላችሁ አስገቡት። ፍሪጅ ከሌላችሁ አዚፋውን ልትበሉ ስትሉ ቀቅሉት፣ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ወዲያው ብሉት፣ አታሳድሩ። «ካሞቅነው ምን ችግር አለው?» ለምትሉ፦ አንዳንድ ባክቴሪያ ምግቡ ላይ የሚተፋው መርዝ ብታፈሉትም አይጠፋም። ሽታውና ጣዕሙ ደህና ሆኖ ሊያስመልስ፣ ሊያስቀምጥ ይችላል። ምግብ መድፋት እንደሚያሳዝን ይገባኛል፣ በዚህ የኑሮ ውድነት። መፍትሔው ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ነው።

በፍስክ ጊዜ እርጎና አሬራም ለሙቀት ተስማሚ ናቸው፤ አሬራ ቅቤው የወጣለት ስለሆነ ቀለል ይላል። ግን ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የግመል ወተትም ያው ነው፣ «የግመል ነው መድኃኒት ነው» ብላችሁ ጥሬውን አትጠጡ።

መጠጥ ላይ አጭር ልሁን። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ነው። ድሬዳዋ በርጫ ላይ በአንድ ከሰዓት ሦስት አራት ጠርሙስ የሚጨርስ ሰው ብዙ ነው፤ ጫቱ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚዘጋው እራቱም ያው ለስላሳው ይሆናል። የማንጎ ጁስም ቢሆን ሦስት ማንጎ በአንድ ብርጭቆ ነው፣ ስኳር ሲጨመርበት አስቡት። ማንጎውን፣ ሐብሐቡን፣ ዘይቱኑን በጥርሳችሁ ብሉት። ውሃ ላይ ጨው እየጨመሩ መጠጣትም ቢሮ ለሚውል ሰው አያስፈልግም፤ ጨው ከወጡ በበቂ እናገኛለን፣ ግፊት ላለበት ደግሞ ጉዳት ነው። ተቅማጥ ከያዛችሁ ግን በሶም ጁስም አይተካውም፣ ኦአርኤስ ነው የሚያስፈልገው።

ሕፃናት ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። «ሙቀት ነው፣ ጠማው» ተብሎ የሦስት ወር ሕፃን ውሃ ይሰጠዋል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ በቂ ነው፣ በሙቀትም ቢሆን። ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ውሃውን የምትጠጣው እናቲቱ ናት።

አያቶችና እናት አባቶቻችን ደግሞ የውሃ ጥም ስሜታቸው ስለሚቀንስ «ጠምቶሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ብርጭቆውን ይዛችሁ ሂዱ። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሙቀት ወቅት ሐኪማቸው መጠኑን እንዲያይላቸው አድርጉ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡባቸው። ዘመዳችሁ በሙቀት ውስጥ ውሎ ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የምግብ ጉዳይ አይደለም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሳችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት። ከላይ የጻፍኩት «ውሃ ጠጡ፣ ቲማቲም ብሉ» የሚለው ምክርም የኩላሊት ድክመት ወይም የልብ ድካም ላለበት ሰው እንዳለ አይሠራም፤ እናንተ የምትጠጡትን የውሃ መጠንና የምትበሉትን አትክልትና ፍራፍሬ ከሚከታተላችሁ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

የእናንተ ቤት የሱፍ አሠራር እንዴት ነው? ትቀቅላላችሁ ወይስ ታምሳላችሁ? ጻፉልኝ፣ ሞክሬ አያለሁ።