ቁጥር መላክ መማር አይደለም

መሥሪያ ቤቶች ከወረቀት ተላቀው በኔትወርክ ከተያያዙ ዕውቀት በራሱ ጊዜ ይዳብራል የሚል አስተያየት በየጋዜጣው ደጋግሞ ይወጣል። አልቀበለውም። የጤናው ዘርፍ ያስተማረን ሌላ ነው።

አገራችን የምትጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ሪፖርትን ከጤና ጣቢያ እስከ ጤና ሚኒስቴር ያደርሳል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ቁጥሩ ግን ስንት ሕፃናት የመጀመሪያውን ክትባት ወስደው ሦስተኛውን እንዳልወሰዱ እንጂ ለምን እንደቀሩ አይናገርም። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የምትኖር እናት የኪራይ ቤት ቀይራ ይሆናል፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃዋ ከክትባቱ ቀን ጋር ተጋጭቶባት ይሆናል። ይህን የምታውቀው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት።

ወረቀትም የሚናቅ አይደለም። በገጠር ጤና ኬላዎች ከቤተሰብ ማህደር ጋር የሚሠራበት፣ በወራት የተከፋፈለ የካርድ ሳጥን አለ። ወሩ አልፎ ከቦታው ያልተነሳ ካርድ ቀጠሮ ያለፈበትን ሕፃን ወዲያው ያሳያል፤ ባለሙያዋም ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሠራተኛዋን በሥራ ቦታዋ የሚያስተምር የመረጃ ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የመረጃ ሥርዓቱ በጀት ለኮምፒውተር ብቻ አይዋል። የወሩ ሪፖርት ከመላኩ በፊት ባለሙያዎቹ በቁጥሩ ላይ ተቀምጠው «ለምን?» የሚሉበት ሰዓት ይመደብ። መልሳቸውም ተተኪ ባለሙያ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ይጻፍ። ባለሙያዋ ስትዛወር ዕውቀቷ አብሯት ከሄደ፣ ተቋሙ አልተማረም።