ፀሐይዋ ነገም ትወጣለች

ቲክቶክ ላይ ገብታችሁ «የሰሜን ተራሮች» ብላችሁ ፈልጉ። አንድ ቪዲዮ ደጋግሞ ይመጣላችኋል። ጋቢ የደረበ ወጣት ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፣ ከሥሩ ደመና ተኝቷል፣ ከፊቱ ፀሐይ ቀስ ብላ ብቅ ትላለች። አስራ አምስት ሰከንድ ነው፣ በቃ። ከሥር የሚጻፈው ኮሜንትም ያው ነው፦ «ዋጋው ስንት ነው? ስንት ቀን ይፈጃል?»

ለዋጋው መልስ የሚሰጥ አይጠፋም። የቀኑ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሥራ ያለው፣ ትምህርት ያለው፣ ፈቃዱ አልቆበት ቅዳሜና እሁድን ብቻ የሚጠብቅ ወጣት ብዙ ነው። ስለዚህ ጉዞው ሲያጥር ደስ ይለዋል፤ አዘጋጁም አሳጥሮ ይሸጥለታል። «ሐሙስ ማታ ተነስተን እሁድ ማታ ቤታችን ነን» ሲባል ማን ይጠላል? ተራራው ግን በእኛ የሥራ ሰዓት አይሠራም። ይህን ያወቅኩት ሰው ነግሮኝ አይደለም።

ከዓመታት በፊት አራት ጓደኛሞች ሆነን ወደዚያው አቀናን። አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ዋልን፤ ጎንደር አደርን። በማግስቱ ደባርቅ ገብተን ፈቃድ አወጣን፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ የፓርክ ስካውት ተመደበልን፣ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ካምፕ ደረስን። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። ጎንደር ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ። በአንድ ቀን፣ ያውም ተቀምጠን፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ወጣን ማለት ነው። ማንም አላስተዋለውም። እኛ የምናወራው ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ቧሂት ጫፍ ላይ ፀሐይዋን ስለመቅደም ነበር።

አንዷ ጓደኛችን ማታ ምግብ አልበላም አለች። «ራሴን ትንሽ አሞኛል፣ መንገዱ ነው» አለችን። ሌሊት ስንነሳም ተነሳች። ጉዞ ከጀመርን ከአንድ ሰዓት በኋላ አስመለሳት። ትንሽ አርፋ «ደህና ነኝ፣ እንሂድ» አለች። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንድትል የፈለግነው ይህንኑ ነበር። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ፀሐይዋ ታመልጠናለች።

ያስቆመን ስካውቱ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙም አልተናገሩም። ባትሪ አብርተው ፊቷን አዩና «የኔ ልጅ፣ ተራራው የትም አይሄድም፤ ፀሐይዋም ነገ ትወጣለች። አሁን እንውረድ» አሏት። ክርክር የለም። ሁለቱ ከአስጎብኚው ጋር ቀጠሉ፤ እኔ ከእሷና ከጋሼ ጋር ወደ ካምፕ ወረድኩ።

ያ ንጋት እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ፀሐይዋ ገደሉን ማሞቅ ስትጀምር ሌሊቱን ገደል ላይ ያደሩት ጭላዳዎች አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ብቅ አሉ። ግልገሎቹ እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ናቸው። ወጥተው ፀሐይ ሞቁ፣ ከዚያ ሣር መንቀል ጀመሩ። ጓደኛዬ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ አየቻቸው። ራስ ምታቷ ግን አልለቀቃትም፤ ረፋዱ ላይ በመኪና ወደ ደባርቅ ስንወርድ ነው እየቀለላት የመጣው። ሁለቱ ጓደኞቻችን ያመጡት ፎቶ ግሩም ነበር። ቀናሁ፤ አልዋሻችሁም።

የያዛት የከፍታ ሕመም ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ቶሎ የወጣን ማንኛውንም ሰው ሊይዝ ይችላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ 4,500 ሜትር ላይ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ60 በመቶ ያነሰ ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፣ ግን ቀናት ይፈልጋል። ስፖርተኛ መሆን አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበተኛው ቶሎ ስለሚሮጥ ቶሎ ይያዛል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ መሆኗ ትንሽ ይረዳናል፤ ለ4,000 ሜትር ግን ዋስትና አይሆንም።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ወደ ላይ መውጣት ይቁም። ከባሰ መውረድ ነው። እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ፣ ነገር መቀላቀል ወይም ተቀምጦ እያሉ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ደግሞ እስኪነጋ እንኳ አይጠበቅም፤ ሰው ይገድላል።

የድሮው የእግር መንገድ ይህን ደንብ ሳይጽፈው ይከተለዋል። ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበር በ3,250 ሜትር ያድራል፣ ቀጥሎ ግጭ በ3,600፣ ከዚያ ጨነቅ። ራስ ደጀን የሚሄደው ደግሞ ቧሂትን ተሻግሮ መሸሃ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ይወርድና አምቢቆ በ3,200 ሜትር ያርፋል። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ነው ብለን የሸመደድነው ራስ ደጀን በኋለኞቹ ልኬቶች 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ቢሆንም ከአምቢቆ ጫፉ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ አቀበት ይቀራል። እዚያ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት የፈለገ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በጨለማና በብርድ መጓዝ አለበት።

እና ደግሞ ማን አለ ፀሐይ ከከፍተኛው ጫፍ ብቻ ታምራለች ያለው? 3,926 ሜትር ላይ ያለው እሜት ጎጎ ሦስት አቅጣጫው ገደል ነው፤ ከሥሩ ቆላው እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል። ከግጭ ካምፕ ሌሊት ተነስቶ መድረስ ይቻላል። እዚያ የቆመ ሰው ምንም አልጎደለበትም።

ለስልካችሁም አንድ ምክር፦ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ሌሊቱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከውስጥ ልብሳችሁ ኪስ ያዙት። ለመንገዱ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይኑራችሁ፤ በአቀበት ላይ አንድ እጅ ስልክ ይዞ መጓዝ ለመውደቅ መዘጋጀት ነው።

ቀን መጨመር ገንዘብ ያስወጣል፤ አውቃለሁ። ግን ያ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እናስብ። በቅሎ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ስካውቱና አስጎብኚው የሚከፈላቸው በቀን ነው። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ ከዚያም በክልሉ ያለው ግጭት፤ እንግዳ ጠፋባቸው። ዛሬም ቢሆን የአካባቢውን ፀጥታ እዚያው ያሉ ሰዎችን ሳይጠይቁ መነሳት ልክ አይደለም። መንገዱ ሰላም ሆኖ የሄደ ሰው ግን አንድ ሌሊት ቢጨምር የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይሆንም።

ፓርኩም ቢሆን ብዙ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተነሳው ቃጠሎ ገና አልተረሳም። ስለዚህ ለፎቶ ብሎ እሳት ማንደድ፣ የውኃ ላስቲክ ጥሎ መምጣት ነውር ነው።

አዘጋጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ማስታወቂያችሁ ላይ የት ከፍታ ላይ እንደምታሳድሩን ጻፉ፤ የታመመ ሰው ቢኖር ማን ይዞት እንደሚወርድም አስቀድማችሁ ወስኑ። ጊዜ የሌለን ደግሞ እንጦጦ፣ የረር፣ መናገሻ ሱባ አሉልን። እግራችንን እዚያ እናሠራው፤ ሰሜን ፈቃድ እስክናገኝ ይጠብቀናል።

እናንተ ደርሳችሁ የተመለሳችሁ፣ ቪዲዮውን ልጠፉት፤ ያምራል። ግን ከሥሩ ስንት ሌሊት እንዳደራችሁ ጻፉበት። ከመካከላችሁ የተመለሰ ካለም እሱንም ጻፉ። «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ የሚጠይቀው ልጅ እውነተኛውን መልስ ከእናንተ ይስማ።