አገዳውም ይመዘን

ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ከማሳው የሚጠብቀው እህሉን ብቻ አይደለም። ፍሬው ለእንጀራ፣ ቅጠሉና አገዳው ለበሬ፣ የተረፈው ለማገዶና ለአጥር ነው። በሚያዝያ የሚዘራውን፣ ጅጉርቲ የተባለውን ረጅም ማሽላ በቀላሉ የማይለቀውም ለዚህ ነው።

ዝናቡ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ክረምቱ ቀድሞ ሲወጣ ጅጉርቲ ሳያሽት ይቀራል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ለዚህ እንደ ተሻለና መልካም ያሉ ቶሎ ደራሽ ዝርያዎችን አውጥተዋል። ድርቁን ያመልጣሉ። ነገር ግን ቁመታቸው አጭር፣ አገዳቸውም ጥቂት ነው። ከጎረቤት ማሳ ቀድመው ሲያሸቱ ደግሞ የወፍ መንጋ ሁሉ እነሱ ላይ ያርፋል፤ ወፍ ሲጠብቅ ከትምህርት ቤት የሚቀረውን ልጅ ማን ቆጥሮት! ገበሬው አዲሱን ዘር ሲተው «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ማለት ተለምዷል። የጎደለው ግንዛቤ ሳይሆን ሚዛን ነው እንላለን። በአብዛኛው በሄክታር በሚገኝ ኩንታል ብቻ የሚዳኝ ዝርያ የበሬው ድርሻ አልተቆጠረለትም። ዝርያ የሚያጸድቀው አካል ለአገዳው ብዛትና ለመኖነቱ ከፍሬው ያላነሰ ነጥብ ይስጥ።

ድርቅ የሚችልም ለበሬ የሚተርፍም ማሽላ ማውጣት የማይቻል ነገር አይደለም። ካበበ በኋላ ውኃ ቢጠማውም ቅጠሉ ሳይጠወልግ የሚቆይ ማሽላ አለ። የቴክሳስና የአውስትራሊያ አዳቃዮች ብዙ የሠሩበት የዚህ ጠባይ ዋና ምንጭ ከኢትዮጵያ የሄደ ማሽላ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት ነው።

ከእኛ ምድር የሄደውን ሌላው ሲጠቀምበት ማየቱ ከማሽላው ይልቅ በመኖ ሳሩ ይብሳል። የብራዚልን ሰፊ ግጦሽ የሸፈነው ብራኪያሪያ ከአፍሪካ የሄደ ሳር ነው። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የመኖ ዘር ባንክም እዚሁ አዲስ አበባ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ይዞ ተቀምጧል። ቦረናን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳው ግን ከብቱ አለቀ። እርግጥ ዝናብ ጨርሶ ሲጠፋ የትኛውም ሳር አይበቅልም። ድርቅ የሚችል ሳር የሚጠቅመው በደህናው ዓመት ታጭዶ፣ ድርቆሽ ሆኖ ሲከመር ነው። ለዚያ ደግሞ ዘር ያስፈልጋል። የሮደስ ሳር ዘር ልግዛ ያለ አርብቶ አደር እንደ በቆሎ ዘር በወረዳው ሊያገኘው ይገባል። የመንግሥት የዘር ድርጅቶች በመጪው የምርት ዘመን ከስንዴና ከበቆሎ ማሳቸው ላይ ጥቂት ሄክታር ቀንሰው ለመኖ ዘር ይመድቡ።