«ያድግበታል» የማይባልበት ዕቃ

በአገራችን ለልጁ ልብስ የሚገዛ ወላጅ ሁሉ አንዲት የታወቀች ቃል አለችው፤ «ያድግበታል» ይላል። የሹራቡ እጅጌ ጣቱን አልፎ ቢንጠለጠል፥ ጫማው ከተረከዙ ሁለት ጣት ቢተርፍ፥ «ግድ የለም፥ ያድግበታል» ተብሎ ይገዛል። ይህችን ቃል ያመጣት ስስት አይደለም፤ ደመወዝ ነው። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ገንዘብ የሚያይ ጸሐፊ፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይም አስተማሪ ለዛሬ ብቻ የሚሆን ዕቃ ለመግዛት አቅም የለውምና ነገን ጨምሮ ይገዛል። ብልኀት ነው እንጂ የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም።

ነገር ግን ይህች ቃል ፈጽሞ የማትሠራበት አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም በመኪና ውስጥ ሕፃን የሚቀመጥበት ወንበር ነው። የዛሬው ገጻችን የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

«እኔ መኪና የለኝም፤ ይህ ምን ያገባኛል?» የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። ይሁን እንጂ መኪና የሌለውም ሰው ልጁን በመኪና ሳያሳፍር አይኖርም። በመቀሌ ከተማ የተወለደ ሕፃን ከዓይደር ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚገባው በታክሲ ወይም በወዳጅ መኪና ነው። ክርስትና የሚነሣ እንደ ሆነ ወንዱ በአርባ ቀኑ፥ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ደግሞ ይሳፈራሉ። በነሐሴ ወር አሸንዳ ሲደርስ ወደ አያቶች አገር፥ በኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም ጉዞ አለ። ከዚህም ሌላ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ዛሬ ከሻንጣው ጋር የሕፃን ወንበር ይዞ መውረዱ እየተለመደ ነው። ያ ወንበር ለልጁ ልክ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ሰው ግን በቤቱ ከሌለ፥ ስጦታው የሳሎን ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

በመጀመሪያ እቅፍ ለምን እንደማይበቃ እንይ። እናቶቻችን ሕፃን የሚሸከሙበት መሣሪያ አጥተው አያውቁም። በአማርኛ አንቀልባ የሚባለውን የትግራይ ሰው ማሕዘል ይለዋል፤ በዛጎል አጊጦ ከእናት ጀርባ ሲውል ለእግር መንገድ ከእርሱ የሚሻል አይገኝም። ለመኪና ግን አልተሠራም። ሕፃኑን እንዳዘለች መኪና ውስጥ የተቀመጠች እናት ልጇን በራሷ ጀርባና በወንበሩ መደገፊያ መካከል አግብታዋለች ማለት ነው። በጭኗ አስቀምጣ አንዱን ቀበቶ ለሁለት ብታስረውም የባሰ ይሆናል፤ መኪናው ድንገት በቆመ ጊዜ የእናትየው ክብደት ሁሉ ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቀዋል።

«አጥብቄ እይዘዋለሁ» ለሚልም መልሱ በሒሳብ ይገኛል፤ ተማሪ የሆነ አንባቢ በፊዚክስ ደብተሩ ሊሠራው ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ውስጥ ቢቆም፥ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእቅፍ የሚወጣበት ኃይል ከ110 ኪሎ በላይ ከሆነ ሸክም ጋር ይተካከላል። ይህም ከአንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል። ወደ ፊት የሚወረወር ኩንታል በሁለት ክንዱ የሚያስቀር አባት የለም፤ ፍቅሩ ቢበዛም ክንዱ ያው ክንድ ነው። ፍጥነቱን ከከፍታ ጋር ያነጻጸርነው እንደ ሆነም፥ በ40 ኪሎ ሜትር መጋጨት ከ6 ሜትር ከፍታ ማለት ከሁለተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ያለ ነው።

ነገሩ ለውጭ አገር ሰዎችም ቢሆን የቆየ ዕውቀት አይደለም። በአሜሪካ በ1930ዎቹ ዓመታት (በኤውሮፓ አቆጣጠር) የሚሸጡት የሕፃን ወንበሮች ልጁ አርፎ እንዲቀመጥና በመስኮት እንዲያይ ከፍ የሚያደርጉ ብቻ ነበሩ። ቤርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም የጀሚኒ ጠፈርተኞች በጀርባቸው ተንጋልለው የሚሄዱበትን ወንበር አይቶ፥ በ1964 ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር አሰበ። በአሜሪካ አገር ሕፃን በወንበር እንዲታሰር በሕግ ያስገደደችው የመጀመሪያዪቱ ክፍለ አገር ቴነሲ ናት፤ ሕጉም የጸናው በ1978 ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ዛሬ ብንማረው ከዓለም እጅግ ዘግይተናል ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ትልቅ ሰው እስኪሆን ድረስ አራት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው ደረጃ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ራሱ ብቻውን የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ አንገቱ ግን ገና ለጋ ነው። ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ቢቀመጥና መኪናው ቢጋጭ፥ አካሉ በማሰሪያው ሲቀር ከባዱ ራስ አንገቱን ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ኋላ ዞሮ ከሆነ ግን ራሱን፥ አንገቱንና ጀርባውን ወንበሩ በአንድነት ይደግፋቸዋል። አዲሱ የኤውሮፓ ደንብ ሕፃን ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው እንዲህ እንዲቀመጥ ያዝዛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2018 ባወጣው ምክር ዕድሜ መቍጠሩን ትቶ፥ ወንበሩ የሚፈቅደው የክብደት ወይም የቁመት ልክ እስኪሞላ ድረስ ይቈይ ብሏል። በስዊድን አራት ዓመት እስኪሆነው የሚያቈዩ ወላጆች ብዙ ናቸው። እግሩ ተጣጠፈ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ልጅ እግሩን አጣጥፎ መቀመጥ ይችልበታል።

ሁለተኛው ደረጃ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፥ ሁለቱን ትከሻ፥ ሁለቱን ዳሌና በእግሮቹ መካከል በሚይዝ ባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያ የሚቀመጥበት ነው። በቀድሞው የኤውሮፓ ደንብ በተሠሩ ወንበሮች ላይ ከ9 እስከ 18 ኪሎ የሚል ይነበባል። ዘጠኝ ኪሎ ሞላው ተብሎ ግን ወዲያው ማዞር አይገባም፤ ቍጥሩ የሚፈቅደውን እንጂ የሚሻለውን አይናገርም።

ሦስተኛው ደረጃ ከ15 እስከ 36 ኪሎ ለሚሆን ልጅ የሚደረገው ከፍ ማድረጊያ ወንበር ነው። ይህ የራሱ ማሰሪያ የለውም፤ ሥራው የመኪናው ቀበቶ በተገቢው ቦታ እንዲያልፍ ልጁን ከፍ ማድረግ ነው። በትከሻና በወገብ ከሚያልፈው ቀበቶ ጋር እንጂ በወገብ ብቻ ከሚያልፈው ጋር አይሆንም። የትንሽ ልጅ የዳሌ አጥንት ገና ስላልጠነከረ ቀበቶው ወደ ሆዱ ይንሸራተትና አንጀቱን ይጎዳል።

አራተኛው የትልቅ ሰው ቀበቶ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ ነው። ይህም ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ነው፤ ለብዙዎች ልጆች ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባለው መካከል ይሆናል። ልጁን አስቀምጠው ይመልከቱ፤ ጀርባው ከመደገፊያው ተጣብቆ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል? የላይኛው ቀበቶ በአንገቱ ሳይሆን በትከሻው መካከል፥ የታችኛውም በሆዱ ሳይሆን በጭኑ ላይ ያልፋል? አንዱ እንኳ ከጎደለ ጊዜው አልደረሰም። ዐሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስም ቦታው የኋላ ወንበር ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በመሥሪያ ቤት እድገት ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ስንሻገር ደመወዝ ይጨመራል። በሕፃን ወንበር ግን እድገቱ በመጣ ቍጥር ከመከላከያው አንድ ነገር ይቀነሳል። ስለዚህ ልጅን አስቀድሞ መሾም አይጠቅመውም፤ እስኪጠበው ድረስ በያዘው ወንበር ማቈየት ነው። አስፍቶ መግዛትም እንዲሁ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራውን ገዝቶ በውስጡ የዓመት ሕፃን ማስቀመጥ፥ በሰፊ ከረጢት እንቁላል እንደ ማንጠልጠል ነው።

«ታዲያ አራት ጊዜ ልግዛን?» ለሚል ወላጅ መፍትሔ አለው። በመጀመሪያ ወደ ኋላ፥ ኋላም ወደ ፊት የሚዞር፥ ከልደት እስከ 18 ኪሎ የሚያገለግል ወንበር አለ። እርሱና አንድ ከፍ ማድረጊያ ከተገኙ ሁለት ግዢ ይበቃል። ወንድማማች ወይም የሥራ ጓደኛማች እየተቀባበሉ ቢጠቀሙበትም መልካም ነው።

ያገለገለ ወንበር የሚቀበል ሰው ግን አራት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ በግጭት ውስጥ የነበረ ወንበር ውጭው ደኅና ቢመስልም አይወሰድም፤ ታሪኩን የማያውቁትንም አይግዙ። ሁለተኛ፥ በፕላስቲኩ ላይ የታተመውን የአገልግሎት መጨረሻ ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተሠራ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው። ሦስተኛ፥ ማሰሪያው ያልተበላ፥ ዘለበቱም ቀጭ ብሎ የሚይዝ ይሁን። አራተኛ፥ ክብደቱና ቁመቱ የተጻፈበትን ወረቀት ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣው በፓውንድና በኢንች ነውና 40 ፓውንድ 18 ኪሎ፥ 57 ኢንች ደግሞ 145 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ያስታውሱ።

ወንበሩን ካሰሩ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ይነቅንቁት፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ ላላ ማለት ነው። የልጁን ማሰሪያ በትከሻው ላይ በጣትዎ ለመቆንጠጥ ይሞክሩ፤ ከተቆነጠጠ ይጥበቅ። ወደ ኋላ ለዞረ ሕፃን ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ፥ ወደ ፊት ለዞረው እኩል ወይም ከፍ ብሎ ይወጣል። የመቀሌ ማለዳ ብርድ አለውና ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰር ይቀናናል፤ በግጭት ጊዜ ግን ጋቢው ይሟሽሽና ማሰሪያው ይላላል። አስቀድመው ይሰሩት፥ ጋቢውን ከላይ ያልብሱት።

ከሁሉም በላይ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ኤርባግ ባለበት በፊተኛው ወንበር ላይ ከቶ አይታሰርም። ኤርባጉ ሲፈነዳ በቀጥታ የወንበሩን ጀርባ ይመታል፤ ሕፃንንም ይገድላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በመንገዳችን የሚታዩት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ኤርባግ ያላቸው ስለሆኑ ይህ ምክር ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

የኪራይ መኪና ሲይዙ ከዋጋው በፊት «የኋላ ወንበሩ ቀበቶ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቀበቶው አለ፤ በወንበር ልብስ ሥር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። በአዲ ጉዶም አልፎ አምባላጌን ተሻግሮ ማይጨው ለሚወርድ መንገደኛ ያን ልብስ ገልጦ ቀበቶውን ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በሚኒባስ ልጅን ከሹፌሩ ጎንና ከበሩ አጠገብ አርቀው ወደ ኋላ ያስቀምጡ። ባጃጅ የሕፃን ወንበር የሚታሰርበት የለውም፤ ልጁ ከኋላ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል ይሁን፥ ከሹፌሩ ጋር ግን አይቀመጥ። ይህ ከመውደቅ እንጂ ከግጭት አያድንምና ለአስፋልቱ ረጅም መንገድ ሌላ መኪና መምረጥ ይሻላል። «ወንድሜ፥ ሕፃን ይዘናልና ቀስ በልልን» ማለትም አያሳፍርም።

የቀረው አስቸጋሪ ነገር የአያት እቅፍ ነው። ልጁ በወንበሩ ታስሮ ሲያለቅስ፥ አያቱ «ፍቱልኝ፥ የእኔ እቅፍ ምን ጎደለው?» ይላሉ። ወጣቱ አባት በዚህ ጊዜ ከመጽሐፍ ጠቅሶ መከራከር አይገባውም። «አደይ፥ እቅፍዎ ስንደርስ ይጠብቀዋል። አሁን አጠገቡ ይቀመጡና እጁን ይያዙለት፤ እርስዎን ሲያይ ዝም ይላል» ቢል ክብራቸውም አይነካም፥ ልጁም አይፈታም። አያቶች የሚፈልጉት ከልጁ አለመራቅ ነውና በዚህ ቦታ የሚሰጣቸው ሥራ ሲያገኙ ይስማማሉ።

እንግዲህ ከአንባቢ የሚፈለገው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቍጥር ማወቅ ነው። ሕፃን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ተመዝኖ ኪሎው በካርዱ ላይ ይጻፋል። ቁመቱንም በየሦስት ወሩ በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይቻላል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች በወንበሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር የሚያስተያይ ወላጅ፥ መቼ ማቈየት፥ መቼ ማዞር፥ መቼም መለወጥ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሹራቡን አስፍተው ይግዙለት፤ ይደግበት። ወንበሩን ግን በዛሬው ልኩ ይምረጡለት።