የውሃውን ሆድ ማን ያውቃል?

ከሰቆጣ ወዲያ፣ ከአበርገሌ የጻፈልን ወጣት ከአጎቱ ጋር በተከዜ ግድብ ሐይቅ ላይ በአሮጌ የፋይበር ጀልባ ሰው ያሻግራል። እሱ «ጥልቀት መለኪያ እንግጠምላት» ይላል። አጎቱ ግን «ይህን አገር አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ! ለገንዘብህ እዘን» ብለው ተቆጥተውታል። «ሳላስቀይማቸው ምን ላድርግ?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ እኔ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ባይ ነኝ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው። ከበስተጀርባው ገደሉም፣ ኮረብታውም፣ ዛፉም ውሃ ውስጥ ቀርቷል። አጎትህ ያን ሁሉ ደረቅ መሬት ሳለ በእግራቸው ያውቁታል። ይህ ደግሞ በሱቅ አይሸጥም። ነገር ግን ውሃው በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል። በመስከረም በላዩ ያለፋችሁበት ኮረብታ በግንቦት ጀልባዋን ሊበሳት ይችላል። ዓይን ይህን አይለካም።

መሣሪያው አስማት የለውም። ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ነጥሮ እስኪመለስ ጊዜውን ይቆጥራል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ጥልቀቱን ወዲያው አስልቶ ይነግርሃል።

አገጣጠሙን በተመለከተ፣ የአሮጌ ጀልባ ሆድ አትብሳ! ወለሏ ድፍን ፋይበር ከሆነ ድምፅ ላኪውን ከውስጥ በኩል፣ አየር ሳይገባበት በኤፖክሲ ማጣበቅ ይበቃል። መሐሉ እንጨት ወይም ፎም ካለበት ግን ድምፁ በደንብ አያልፍም። ያን ጊዜ ከኋላዋ በውጭ በኩል፣ ከፕሮፔለሩ አረፋ ራቅ አድርገህ እሰረው። ከባትሪው በፊውዝ አገናኘው። ገመዱ ከሞተሩ ሽቦ ጋር አይጠላለፍ፣ ቁጥሩ ይዘባርቅብሃል።

ከዚያ ገመድ በየሜትሩ ቋጥረህ፣ ድንጋይ አስረህ ጣልና አመሳክር። መሣሪያው 1 ሜትር ሲልህ፣ ፕሮፔለሩ ከድምፅ ላኪው 40 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ትርፍህ 60 ሳንቲ ብቻ ነው።

ዋናውን ነገር ልንገርህ። መሣሪያው ከሥርህ ያለውን እንጂ ከፊትህ ያለውን አያይም። ስለዚህ አጎትህን ከፊት አስቀምጣቸው። «ኮረብታው የት ነበር?» እያልክ ጠይቃቸው፣ እየለካህም ከነቀኑ በደብተር ጻፍ። ያን ጊዜ መሣሪያው ቃላቸውን የሚያስከብር እንጂ የሚያዋርድ አይሆንም።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ለተሳፋሪው ሁሉ የነፍስ አድን ጃኬት ይቅደም። ጥልቀት ማወቅ መቼስ ዋና አያስተምርም!

ቸር ሰንብቱ።